«ቦታውን ለሚገባው ይልቀቅ» — የትኛው «ለሚገባው»?

የወልዲያዋ፦
ትናንት እዚሁ ቡድናችን ውስጥ አንዲት እናት «ልጄ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ4 ነጥብ 1.42 ጂፒኤ አምጥቶ ተባረረ፤ ምን ይሻለኛል?» ብለው ጠየቁ። አንድ መምህር የመለሱላቸው ይህን ነው፦ «ዩኒቨርሲቲ የምጽዋት ቦታ አይደለም። ቦታውን ለሚገባው ይልቀቅ።» ሰዉ ሲያጨበጭብለት አደረ። ሴትየዋ የጠየቁት መንገድ እንጂ ብይን አልነበረም። ጧት ተነሥቼ ሁሉንም አነበብኩ፤ «እንዲህ ያድርጉ» ያለ አንድ ሰው አጣሁ። ምሁር የሞላበት ቡድን ነው ይባላል!

የፊዚክሱ መምህር፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። ወረቀት አርመው የማያውቁ ሰዎች አዛኝ መሆን ይቀላቸዋል። ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ የሚሰበሰበው ከማጠቃለያው ፈተና በፊት በትንንሽ ፈተናና በቤት ሥራ ነው። በቡድን ሥራው ላይ ስሙ ብቻ የሰፈረ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳያውቅ ሴሚስተር የጨረሰ ልጅ አለ። ምግቡንም አልጋውንም ሕዝብ ይከፍላል። ቦታውን ለሚገባው ይልቀቅ ማለት ምኑ ነውር ነው?

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦
መምህር፣ አንድ ነገር ያብራሩልኝ። «ለሚገባው» ያሉት ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ? ጠብቆ ሲነበብ መብት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ መረዳት ነው። ትምህርቱ ላልቶ ስላልገባው ቦታው ጠብቆ አይገባውም ማለትዎ ከሆነ፣ እኛ ወደ ግቢ የምንመጣው አስቀድሞ ገብቶን ነው ወይስ እንዲገባን?

የፊዚክሱ መምህር፦
በማጥበቅና በማላላት ውጤት አይሻሻልም፣ ወንድሜ። ቅኔ ቤት ብትገባ ይሻልህ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦
ቅኔ ቤት እኮ ያልገባውን ተማሪ አያባርርም፤ እስኪገባው ያስቀጽላል። አመሰግናለሁ፤ ምሳሌውን እርስዎ ሰጡኝ።

አንጋፋው፦
ልጆች፣ አትንጫጩ። እኔ ስድስት ኪሎ በ1963 ስገባ በገና ሰሞን ስንቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ! «የገና ምሩቃን» እንላቸው ነበር። ማንም አላለቀሰላቸውም። ዛሬ ግን 1.42 አምጥቶ እናት ታማልዳለች።

የወልዲያዋ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ የገና ምሩቅ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ብርቅ ሰው ነበርና በማግስቱ ባንክም መሥሪያ ቤትም ይቀጥረው ነበር። የዛሬው በምን ወረቀት ይቀጠር? ደግሞ ማንም አላለቀሰላቸውም ያሉትን እናቶቻቸውን ጠይቀው ነው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
ሃያ ስድስት ዓመት በሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ ነው የወጣሁት። አስቀድሜ ይህን «ቦታ ይልቀቅ» የሚለውን ነገር ላፍርሰው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ከሚኒስቴሩ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የተባረረ ልጅ የተወው አልጋ በማግስቱ ለሌላ አይሰጥም፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ይከርማል። ስለዚህ ጠብቆም ሆነ ላልቶ፣ የሚገባው ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ አይደለም።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። እመቤቴ፣ ልጁ የተሰጠውን ወረቀት ይፈልጉ። «ተባረረ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸፍናል፦ መልሶ የመግባት ዕድል ያለውንና ጨርሶ የሌለውን። ይህን የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ደንብ ነውና የጎረቤት ልጅ የሆነውን አይስሙ፤ የልጅዎን ዩኒቨርሲቲ ደንብ ያስነብቡ። ኤፍ ኤክስ የሚል ውጤት ካለበት የድጋሚ ፈተና ነገር ይጠየቅ። በአንድ ትምህርት ላይ ስህተት አለ ብሎ ካመነ የውጤት ቅሬታ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ይህ ግን የቀን ገደብ አለው፤ ስንቱ ልጅ ቀኑን ያሳለፈው አፍሮ ዶርም ውስጥ ተኝቶ ነው። የመመለስ ዕድል ካለው ደግሞ ማመልከቻው ጊዜውን ጠብቆ ይግባ፤ ማንም ደውሎ «ና» አይለውም። ሲወጣም ክሊራንስ ይጨርስ። አንድ ብርድ ልብስ ሳይመልስ ሄዶ፣ ከዓመት በኋላ ሲመጣ በዚያ ብርድ ልብስ የተነሣ ከመዝገብ ቤት ንብረት ክፍል ሲመላለስ ምዝገባ ያለፈበትን አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ይህ ነው፦ ታሞ ወይም ሐዘን ደርሶበት ትምህርቱን ያልተከታተለ ልጅ ከፈተናው በፊት የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ ቢወጣ በዓመቱ ይመለስ ነበር። «ምን ይሉኛል» ብሎ ገብቶ ይፈተንና ኤፉን ይዞ ይወጣል። ቅጹ የሚሞላው በአንድ ጧት ነው።

የፊዚክሱ መምህር፦
ጋሼ ሬጅስትራር፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሒሳቡንም ይንገሯቸው። 1.42 ይዞ የተመለሰ ልጅ፣ ክሬዲቱ እኩል ነው ብንል፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር 2.58 ካላመጣ የሁለቱ አማካይ ማለፊያውን 2.00 አይሞላም። 1.42 ያመጣ ልጅ በምን ተአምር 2.58 ያመጣል? ተስፋ መሸጥ ነው ይኼ።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
ያመጡ አሉ። ብዙ ናቸው አልልም።

ብየዳ ቤት፦
እኔን ጠይቁኝ። በሁለተኛ ዓመት ተባርሬ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ፤ ብየዳ ተማርኩ። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ሦስት ሰው ቀጥሬአለሁ። ከመምህሩ ደመወዝ ጋር ማወዳደር አልፈልግም፤ ሰውን ማሳፈር ይሆናል።

የፊዚክሱ መምህር፦
አወዳድር እንጂ፤ ምን ያሳፍረኛል? የመምህር ደመወዝ የወር አስቤዛ እንደማይሸፍን አገር ያውቃል። ይህ ግን 1.42ን 2.00 አያደርገውም። ደግሞ እኔ ያልኩትን ነው የመሰከርክልኝ፤ ቦታውን ለቀቅክና አለፈልህ።

ብየዳ ቤት፦
አልለቀቅኩም፤ ተነጠቅኩ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ከቤት አልወጣሁም። ይህን የሚቆጥር ጂፒኤ የላችሁም።

ነጻ አስተያየት፦
ችግሩ ረሚዲያል ነው፤ ነጥብ ያልሞላላቸውን አስተምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፕሮግራም። 12ኛ ክፍልን የወደቀ ልጅ በጓሮ በር አስገብታችሁ አሁን «ለምን ወደቀ» ትላላችሁ።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦
በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያ ቁጥር ይሞላ ከተባለ ስንት ግቢ ይዘጋ ነበር? እኔም በረሚዲያል ነው የገባሁት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ለመሆኑ ገብቶኛል ወይስ አይገባኝም?

ነጻ አስተያየት፦
ከመመረቅህ በፊት መውጫ ፈተናው ይለይሃል። በ2015 ሲጀመር ከግማሽ በላይ የሆኑት ተፈታኞች ወደቁ። በመጀመሪያው ዓመት ያልተባረረ በአራተኛው ዓመት ይባረራል፤ ልዩነቱ ያባከነው እንጀራ ነው።

የወልዲያዋ፦
«ያባከነው እንጀራ»! የካፌውን እንጀራ በልታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሪያድ እህታችሁ፦
እኔ የምለው ደስ አያሰኛችሁም። ወንድሜ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲባረር በዚያው በ12ኛ ክፍል ውጤቱ የግል ኮሌጅ አስገባነው፤ ሒሳብ አያያዝ ተማረ። አራት ዓመት ሰው ቤት አጽድቼ ከፍያለሁ። መውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እኔ ራሴ በዚያን ጊዜ ነጥብ ጎድሎኝ የቀረሁ ሰው ነኝ። ግቢውን በበሩ ቀዳዳ እንኳ አላየሁትም። እሱ ዶርም ተኝቶ ሲያረፍድ እኔ ሻንጣ አዘጋጅ ነበር። ስለዚህ መምህሩ «ለሚገባው» ሲሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልቤ ጠብቆ ነው ያነበበው።

የወልዲያዋ፦
እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን ያንቺን ቦታ የወሰደው ወንድምሽ አይደለም እኮ።

ከሪያድ እህታችሁ፦
አውቃለሁ። ማን እንደወሰደው ንገሪኝና እሱን ልውቀስ።

አንጋፋው፦
በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ እንዲህ በግልጽ...

የወልዲያዋ፦
ጋሼ፣ እባክዎ።

የልጁ እናት፦
ሁላችሁንም አንብቤአለሁ። ልጄ ተኝቶ የሚያረፍድ ሰነፍ አይደለም። 12ኛ ድረስ የተማረው መምህሩ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ እያነበበ፣ ነገሩን በአማርኛ እያስረዳ ነው፤ ፈተናው ግን አማርኛ አያውቅም። ሲሄድ በግ አርደን፣ ጎረቤት መርቆት ነው የሸኘነው። አሁን ወደ ቤት አልመጣም። የተባረረበት ከተማ ቤት ተከራይቶ የቀን ሥራ ይሠራል አሉኝ። ስደውልለት «ክፍል ነኝ» ይለኛል። እኔ መባረሩን የሰማሁት ከጓደኛው እናት ነው፤ እሱ እንዳወቅሁ አያውቅም።

ሬጅስትራሩ ያሉትን ወረቀት ታናሹ በስልክ ከጓደኛው አስልኮ አነበበልኝ። መልሶ መግባት እንደሚችል የሚገልጽ መስመር አለበት ይላል፤ ከሥሩም ቀን አለ። የኢትዮጵያ ቀን ይሁን የፈረንጅ ግን አልለየነውም።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
ፎቶውን በውስጥ ይላኩልኝ፤ እዚህ አይለጥፉ፣ ስሙና መታወቂያ ቁጥሩ አለበት። አሁኑኑ ይላኩልኝ። የሬጅስትራር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ቀን ነው የሚጽፈው፤ እንደዚያ ከሆነ ያለው ጊዜ ከምታስቡት ሊያንስ ይችላል።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦
እናቴ፣ ከተማው የትኛው እንደሆነ ለጋሼ ይንገሩ። ግቢ ውስጥ ልጆች አሉን፤ ሄደው ያገኙታል።

የፊዚክሱ መምህር፦
ፊዚክስ ከወደቀባቸው አንዱ ከሆነ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ማስታወሻዬን እልክለታለሁ። አቋሜን ቀየርኩ ማለት አይደለም። ቦታው አሁንም ለሚገባው ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል፦
ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

ነጻ አስተያየት፦
ረሚዲያል ይዘጋ!