ኦዲዮፋይል የሚባሉትን በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ሙዚቃ ሲሰሙ የድምፁ ጥራት በጣም የሚያሳስባቸው ሰዎች ኦዲዮፋይል ይባላሉ አይደል፣ እኔ ግን ቃሉን በኛ ፊደል ስጽፈው ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያለ የድምፅ ፋይል ይመስለዋል፣ ሌላ የተሻለ ስም የለውም?

መልስ 1፦ እውነትህን ነው ያምታታል። ቃሉ ራሱ ድብልቅ ነው፣ ኦዲዮ ከላቲን፣ መስማት ከሚለው፣ ፋይሉ ደግሞ ከግሪክ፣ ፊሎስ ማለት ወዳጅ። እኔ "ድምፅ ወዳጅ" ነው የምለው።

መልስ 2፦ እሱ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ሃይ ፋይ ማለት እኮ ለተቀዳው ድምፅ ታማኝ መሆን ነው፣ ስፒከሩ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዳለ ማውጣት አለበት፣ ብዙ ሰው ግን ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የበዛበትን ነው ጥራት የሚለው፣ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። "የድምፅ ጥራት አፍቃሪ" ቢባልስ?

መልስ 3፦ በዚህኛው እስማማለሁ። ግን ውድ ዕቃ የገዛ ሁሉ አይደለም፣ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ነው የሚሰማው፣ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ልክ) ስላለው፣ ይሄም ከ20,000 እጥፍ በላይ ስለሆነ ያንን ይሸፍናል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉን አስተካክሉ፣ ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ያበላሸዋል፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ብቻ ስንት ለውጥ አለው!

ጠያቂው፦ "የድምፅ ጥራት አፍቃሪ" ተመችቶኛል፣ ከዛሬ ጀምሮ እሱን ነው የምጽፈው፣ አመሰግናለሁ።