ልምድ ያለው ተጫዋች ትንሽ የሚሮጠው ለምንድነው?

ቁጥር ስምንት፦
ሰላም ጓዶች። የእግር ኳስ አማካይ ነኝ፣ ወደ ዋናው ቡድን ያደግኩት በቅርቡ ነው። ከጨዋታ በኋላ የጂፒኤስ (ለብሰነው የምንጫወተው የሩጫ መለኪያ) ውጤት ሲመጣ ሁሌም ከላይ የማገኘው የራሴን ስም ነው፤ በጠቅላላ ርቀትም፣ በከፍተኛ ፍጥነት በተሮጠ ርቀትም። ከጎኔ የሚጫወተው አንጋፋ ግን ከኔ በጣም ያነሰ ይሮጣል። ሆኖም ኳስ የሚነጥቀው እሱ፣ ነፃ ሆኖ የሚቀበለው እሱ፣ ጨዋታው ሲጦዝ የሚያረጋጋውም እሱ ነው። እኔ 70ኛው ደቂቃ ላይ እግሬ ይከዳኛል። እሱ የማይሮጠው ዕድሜው ስለገፋ ነው ወይስ ልምዱ ነው? እኔስ ሩጫዬን ልቀንስ?

የኋላ መስመር፦
ወንድሜ፣ እኔ የመሀል ተከላካይ ነበርኩ፣ ስለዚህ መልሴ ወደዚያ ያደላል። ልምድ ማለት ከምንም በፊት ቀድሞ ማየት ነው። ጀማሪ ዓይኑ ኳሷ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ አንጋፋው ኳሷ ገና ሌላ ሰው እግር ላይ እያለች አንገቱን ያዞራል፣ ከኋላው ማን እንዳለ፣ የቱ ጋ ክፍተት እንዳለ ያያል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌየር ዮርዴት ይህን ዙሪያን የመቃኘት ልማድ ለዓመታት አጥንቶታል፤ የባርሴሎናን የቀድሞ አማካይ ዣቪን ያየ ሰው ደግሞ ጥናትም አያስፈልገውም። ቀድመህ ያየኸው ቦታ ላይ በሶምሶማ ትደርሳለህ። ዘግይተህ ከተነሳህ እዚያው ቦታ ለመድረስ ሙሉ ፍጥነትህን ማውጣት አለብህ። ጂፒኤሱ የሚያሳይህ መሮጥህን ብቻ ነው፣ ዘግይተህ መነሳትህን አይነግርህም። ማልዲኒ እስከ 2009፣ 40 ዓመት ሞልቶት የኤሲ ሚላን ተከላካይ የነበረው በእግር ፍጥነት ብቻ አይደለም። የማንችስተር ዩናይትዱ ጊግስም በክንፍ ጀምሮ በኋላ ወደ መሀል ገባና በ2014 በ40 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ብቃት አሰልጣኝ፦
የተባለው ልክ ነው፣ ግን ቁጥሩ ላይ አትቸኩል። መጀመሪያ ሚናችሁን እይ። በትልልቅ ሊጎች አንድ ተጫዋች በጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፣ አማካዮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ይበልጣሉ። ከዚህ አብዛኛው እርምጃና ሶምሶማ ነው፤ በብዙ ቦታ የከፍተኛ ፍጥነት መነሻ የሚባለውን በሰዓት 19.8 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። አንጋፋው የተከላካዮቹን ፊት እንዲጠብቅ፣ አንተ ሳጥን ከሳጥን (ከራሳችሁ የቅጣት ክልል እስከ ተጋጣሚው) እንድትመላለስ ታዛችሁ ከሆነ እኮ ልዩነቱ ከልምድ በፊት የአሰልጣኙ ነው። ቡድናችሁ ኳስ ይዞ ነው ወይስ እያባረረ የዋለው? እየመራችሁ ነበር ወይስ እየተመራችሁ? ይሄ ሁሉ ቁጥሩን ይቀይረዋል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜና ልምድ አብረው ስለሚመጡ መነጠል ይከብዳል። ከ30 በኋላ የፍጥነት ሩጫዎች ይቀንሳሉ፣ የኳስ ቅብብል ጥራት ግን እንደዚያ አይወርድም፣ እንዲያውም የሚሻሻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መልሱ ሁለቱም ነው። ደግሞ ልምድ ያለው ሁሉ ትንሽ ይሮጣል ማለትም አይደለም። የክሮኤሺያው አማካይ ሞድሪች በ2022 የዓለም ዋንጫ በ37 ዓመቱ ከብራዚል ጋር 120 ደቂቃውን ጨርሶ፣ ከዚያም ፍፁም ቅጣት ምት መትቶ አስቆጥሯል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የእግርህ ነገር ነው። የአንጋፋው ጅማትና አጥንት ይህን ጫና በብዙ ዓመት ለምዶታል። ያንተ ሳንባ ቶሎ ሊላመድ ይችላል፣ ጅማት ግን ጊዜ ይፈልጋል። በአንዴ ብዙ መጨመር ጉዳት ይጠራል።

ዱላና ኳስ፦
ከሜዳ ሆኪ ልጨምር። እኛ ጋ 15 ደቂቃ በ4 ነው የምንጫወተው፣ ቅያሪ ገደብ የለውም፣ የወጣ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ጉልበት መቆጠብ ላንተ የሚሆነውን ያህል ለኛ አይሆንም፣ አጭር ጊዜ ገብተህ ያለህን ሁሉ ታወጣለህ። ልምድ የሚታየው መቼ ልውጣ ማለት እንዳለብህ በማወቅ ነው፤ አዲሶቹ መውጣት ድክመት ይመስላቸውና እግራቸው ከዛለ በኋላም ይቆያሉ። በእግር ኳስም ተቀይሮ የሚገባውን ተመልከት። የቀረው ደቂቃ ጥቂት መሆኑን ስለሚያውቅ ከጀመሩት በላይ በጉልበት ይሮጣል። ያንተ ሰው 90 ደቂቃውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አከፋፍሎታል፣ አንተ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጨርሰኸዋል ብዬ እገምታለሁ።

ቁጥር ስምንት፦
የመጨረሻው ነገር እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ላይ ሁሉንም ነው የማሳድደው። ታዲያ ልቀንስ ወይስ አልቀንስ?

ብቃት አሰልጣኝ፦
ጠቅላላውን አትቀንስ። አሰልጣኝህ ዋናው ቡድን ያስገባህ ምናልባት ለዚሁ ሩጫህ ነው። ከመጨረሻው ጨዋታ በጣም የፈጠንክባቸውን ሩጫዎች ከቪዲዮው አውጣ፣ እያንዳንዱን 5 ሰከንድ ወደኋላ መልስና ያኔ ወዴት እያየህ እንደነበር እይ። ዘግይተህ ስለተነሳህ ብቻ የሮጥከው ካለ መቅረት ያለበት እሱ ነው። ኳስ ባይደርስህም ተከላካይ ይዘህ ሄደህ ለጓደኛህ ቦታ የከፈትክበትን ግን እንዳትነካው፣ እሱ ስራ ነው። ከተቻለ አንጋፋውን አብሮህ እንዲያይ ጠይቀው። የ70ኛውን ደቂቃ ነገር ደግሞ ለክለባችሁ የብቃት አሰልጣኝ በዚህ ሳምንት ንገረው፣ ልምምድህን በዚያ መሰረት ያስተካክልልሃል።