ጥይቱን ሕግ ይምረጠው ወይስ አዳኙ?

የድሬና የሐረር ልጆች ቡድን ውስጥ (ሁሉም በሰፈሩ ስም ነው የሚጠራው) የተነሳ ጥያቄ፦ የአደን ፈቃድ የሚወስድ ሰው በምን ዓይነት ጥይት እንደሚያድን ሕግ ጠበቅ አድርጎ ይወስን ወይስ ለራሱ ይተው?

የከዚራው፦ ይወሰን እንጂ! አጋዘንን በውትድርና ጥይት የሚመታ አለ። ያ አረር አይከፈትም። እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። እንስሳው ቆስሎ ገደል ይገባና ማንም ሳይጠቀምበት ይሞታል። ጫፉ ለስላሳ የሆነው የአደን አረር ግን ሥጋ ሲነካ ይሰፋል።

የሳቢያኑ፦ አቦ፣ መሬቱንስ ረሳኸው? ቆላ ግራር ውስጥ 50 ሜትር ላይ ካየኸው ዕድለኛ ነህ። ጨርጨር ተራራ ላይ ደግሞ ከሸንተረር ሸንተረር ነው የምትተኩሰው። ዒላማውን 200 ሜትር ላይ ያስተካከልከው 30-06 (የአደን ጠመንጃ ጥይት)፣ 300 ላይ ሲደርስ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የክላሽ ከግማሽ ሜትር በላይ ነው። ለቆላውም ለደጋውም አንድ ጥይት እንዴት ይታዘዛል?

የከዚራው፦ ስለ ካሊበር፣ ስለ ጥይቱ ውፍረት፣ መቼ አልኩ? ስለ አረሩ አሠራር ነው የማወራው።

የለገሃሬው፦ ለቁጥቋጦ ከባድ አረር ነው። ቅርንጫፍ ጥሶ ይሄዳል።

የሳቢያኑ፦ ተረት! ከባዱም ቅርንጫፍ ከነካ አቅጣጫ ይስታል። ክፍተት እስክታገኝ ትጠብቃለህ፣ አለቀ።

የጁገሏ፦ አዳኙ ጥሎት ስለሚሄደው ሆድ ዕቃስ ማን አሰበ? የእርሳስ አረር ሲሰባበር ፍርፋሪው እዚያ ውስጥ ይቀራል። የበላው ጥንብ አንሳ ይመረዛል። ካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእርሳስ ጥይት ማደንን ጨርሶ ከልክላለች። እኛ ጅብ በእጃችን የምናጎርስ ሰዎች ይሄ እንዴት አያሳስበንም? አረሩ መዳብ ይሁን።

የመጋላው፦ መዳቡን ማን ይገዛዋል? ከውጭ የሚመጣው አዳኝ ይዞት ይመጣል። ማሽላውን ከርከሮ የጨረሰበት ገበሬ ያገኘውን ነው የሚተኩሰው።

የጁገሏ፦ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው።

የመጋላው፦ እሱን ለከርከሮው ንገሪው 😂

የሳቢያኑ፦ እኔ የውትድርና አረር ለአደን ይከልከል በሚለው እስማማለሁ። ሌላው ለመሬቱና ለእንስሳው ይተው። መዳብ እኮ ፍጥነቱ ከቀነሰ በደንብ አይከፈትም። ከሩቅ ለሚተኩስ ሰው እርሳሱ ይሻላል።

የጁገሏ፦ እንግዲያው ቀረብ ብሎ ይተኩሳ!