ለስብስቤ አንድ ጥሩ የጠላቂ ሰዓት ልጨምር ነው፤ የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ቢኒ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰዓት መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ያሉኝ ሦስት ናቸው። አንዱ ከአባቴ የወረስኩት የድሮ ሴይኮ 5 ነው። ሁለተኛው ከሙሉ ልብስ ጋር የማስረው ካርቲየ ታንክ ነው። በአዘቦት ቀን የማስረው ደግሞ ኦሜጋ ስፒድማስተር ነው። ሦስቱንም ይዤ ውሃ ውስጥ መግባት አልደፍርም።

ዘንድሮ 40 ዓመት ይሞላኛል። ባለቤቴ "አሁንስ ለራስህ አንድ ነገር ግዛ" ብላኛለች። በየቅዳሜው ልጆቼን ይዤ ዋና እሄዳለሁ። የስኩባ ትምህርትም ጀምሬያለሁ። በጀቴ እስከ 11 ሺህ ዶላር ነው። የእጄ አንጓ ቀጭን ነው፤ ዙሪያው 16.5 ሴንቲ ሜትር።

ዓይኔ ያረፈባቸው ቀን የሌለው ሮሌክስ ሰብማሪነር፣ ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 እና ከቱዶር ብላክ ቤይ 58 ወይም ፔላጎስ 39 ናቸው። ብላንፔን ፊፍቲ ፋተምስንም በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ውሃ የሚችሉበትን ጥልቀት ሰብማሪነሩና ሲማስተሩ 300 ሜትር፣ ቱዶሮቹ ደግሞ 200 ሜትር ይላሉ። ይህ ልዩነት ለእኔ ለውጥ አለው? ኦሜጋ እያለኝ ሌላ ኦሜጋ መጨመርስ እንዴት ታዩታላችሁ? ያገለገለ ይሻላል ወይስ አዲስ?

ሄኖክ (ስቶክሆልም)፦
ወንድሜ፣ በጀቱ ካለህ ሳታመነታ ሰብማሪነር ግዛ። የጠላቂ ሰዓት መልኩ ዛሬ የምናውቀውን የያዘው በ1953 ነው። ፊፍቲ ፋተምስና ሰብማሪነር የዚያው ዓመት ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከእነሱ ቀድቷል ብል አላጋነንኩም።

የአሁኑ በ2020 የወጣው ነው። ስፋቱ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ከእጅህ አውልቀህ ብታስቀምጠው 70 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ዓርብ ማታ ያወለቅኸው ሰኞ ጠዋት እየሄደ ይጠብቅሃል። እኔ በየቀኑ የማመሰግነው ግን የማሰሪያውን መቆለፊያ ነው። ያለ ምንም መሣሪያ በ2 ሚሊ ሜትር እየጨመርክ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ታሰፋዋለህ። በሙቀት እጅ ሲያብጥ ይህ ነገር ወርቅ ነው። ልሽጠው ብትልም ዋጋው እንደሌሎቹ አይወርድም።

ችግሩ ወረፋው ነው። ወኪል ሱቅ ገብተህ ዛሬውኑ ይዘህ አትወጣም።

ኦሪት (ኤይላት)፦
ቢኒ፣ እኔ ቀይ ባሕር ላይ ጠለቃ አስተምራለሁ። ስለዚህ ከውሃው ልጀምርልህ።

የጀማሪ ኮርስህን ስትጨርስ የሚፈቀድልህ 18 ሜትር ነው። ቀጣዩን ስትወስድ 30። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ወሰኑ 40 ሜትር ነው። ስለዚህ በ200 እና በ300 መካከል ያለው ልዩነት አንተን አይነካህም። የጠላቂ ሰዓት የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አይሶ 6425 ይባላል። ከ100 ሜትር በታች የሆነውን ጭራሽ አይቀበልም። መስፈርቱን የሚከተል ፋብሪካ እያንዳንዱን ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት 25 ከመቶ በላይ በሆነ ግፊት ይፈትነዋል። 200 ብሎ የተጻፈበት ሰዓት 250 ሜትርን የሚያህል ግፊት ችሏል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለኩራት እንጂ ለአንተ ሥራ አይደለም።

እኔ ተማሪዎቼ ሰዓት ይዘው ሲመጡ የማየው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ ቤዝሉን፣ ማለትም በመስታወቱ ዙሪያ የሚሽከረከረውን ቀለበት። ልትጠልቅ ስትል ቀለበቱ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ጠቋሚው ጋር ታገጥማታለህ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየህ ቀለበቱ ላይ ታነባለህ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው በምክንያት ነው። ድንጋይ ነክቶ ቢያዞረው፣ ከቆየኸው በላይ የቆየህ ያስመስላል እንጂ አያሳጥረውም። ቀድመህ ትወጣለህ፣ አየርህም ይተርፋል። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሁላችንም የጠለቃ ኮምፒውተር እናስራለን። ግን የኮምፒውተሩ ባትሪ ሲከዳህ ቀለበቷ አለችልህ።

ሁለተኛ ማሰሪያው። በባዶ እጅ ልክ የሆነ ሰዓት ከጠለቃ ልብስ በላይ አይገባም። ስለዚህ በቀላሉ የሚሰፋ መቆለፊያ ወይም ረጅም የጎማ ማሰሪያ ያስፈልግሃል። ሦስተኛ ደግሞ ክብደቱ።

አንድ ነገር ልጨምር። 10 ሺህ ዶላር አስረው ባሕሩ ዳር የቆሙ ሰዎች አይቻለሁ። እንዳይጫርባቸው ፈርተው ሰዓቱን ሻንጣ ውስጥ ይተዉታል። አንተ ከልጆችህ ጋር ስትዋኝ የትኛውን አትፈራለትም? እሱን ግዛ።

ሄኖክ (ስቶክሆልም)፦
ኦሪት፣ እኔ ሰብማሪነሬን ይዤ እዋኛለሁ፣ አሸዋም ነክቶታል፣ ምንም አልፈራሁም። ሰውየውን በዋጋው ብቻ አታስፈራሪው።

ረድኤት (አትላንታ)፦
እኔ ከስብስቡ አንጻር ልየው። ቢኒ ሆይ፣ ያሉህ ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የጠላቂ ሰዓት ቦታው ባዶ ነው፣ ስለዚህ ኦሜጋ ቢደገም ምንም ነውር የለበትም። ስፒድማስተርና ሲማስተር አንድ ስም ቢይዙም አይመሳሰሉም። ሲማስተሩን እኔ አምስት ዓመት አስሬዋለሁ። ማሽኑ እስከ 15 ሺህ ጋውስ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ማግኔት ይቋቋማል። ቀኑን ሙሉ ከላፕቶፕና ከስልክ ጋር ለምትውል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሴራሚክ ፊቱ ላይ ያለው ማዕበል በፀሐይ ሲታይ ደስ ይላል።

የማልወድለት ጎኑ ላይ፣ በ10 ቁጥር አቅጣጫ የበቀለችውን ሁለተኛ ቁልፍ ነው። የሂሊየም ጋዝ ማስወጫ ናት። የምትጠቅመው በግፊት ክፍል ውስጥ ለቀናት የሚኖሩ የባሕር ሥር ሠራተኞችን ነው። አንተ አንድም ቀን አትነካትም። ሰዓቱም ወፈር ይላል፤ 42 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ይቆማል። በ16.5 አንጓ ላይ የሸሚዝ እጅጌ ይይዝብሃል ብዬ እሰጋለሁ። ሳትሞክረው እንዳትገዛ።

ጋሽ ታደሰ (አዲስ አበባ)፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ሰዓት ስጠግን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ውሃ የገባበት ስንት ሰዓት እንደከፈትኩ አልቆጥረውም። አብዛኞቹ "ውሃ አይገባቸውም" የተባሉ ነበሩ። ባሕር አልገቡም፣ እዚህ ባሕር የለንም። ፍልውሃ ነው የገቡት። ሶደሬ ነው የገቡት።

ቢኒ ልጄ፣ ሙቅ ውሃና እንፋሎት የሰዓት ጠላት ናቸው። ውሃውን የሚያግደው ቀጭን ጎማ ነው። ሙቀት ሲደጋገምበት፣ ሳሙናም ሲነካው፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከሙቅ ውሃ ወጥተህ ቀዝቃዛ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። 300 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት ጎማው ካረጀ የእጅ መታጠቢያ ላይም ውሃ ያስገባል። ሳውናና ሻወር ቤት ይዘኸው አትግባ።

ሌላው ትልቁ ጥፋት መሙያውን ሳያጠብቁ መግባት ነው። የጠላቂ ሰዓት የጎን ቁልፍ እንደ ብሎን የሚጠብቅ ነው። ሰዓት ያስተካክሉና ረስተውት ይገባሉ። ከእኔ ዘንድ ከሚመጡት ብዙዎቹ በዚህ የተበላሹ ናቸው። ውሃ ልትገባ ስትል በጣትህ ዳስሰው። ውሃ ውስጥ እያለህ ፈጽሞ አትንካው። ከባሕር ስትወጣ በንጹሕ ውሃ እጠበው፤ ጨው ቀለበቱ ሥር ገብቶ ይደርቅና አላዞር ይልሃል። ለጠለቃ የምትጠቀምበት ከሆነ በዓመት አንዴ በግፊት ማስፈተን ነው። ሰዓቱን መክፈት አያስፈልግም፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ከጠቀስካቸው አንዱንም መጥፎ አልለውም። ሦስቱም ድርጅቶች የአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ።

ቢኒ (ሜሪላንድ)፦
ጋሽ ታደሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ስፒድማስተሬን አስሬ ስንት ጊዜ ሻወር ገብቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አበቃ። ስለ ያገለገለ የሚነግረኝ ይኖራል?

ሳሚ (ዱባይ)፦
እኔ ልንገርህ። የመጀመሪያ የጠላቂ ሰዓቴን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ዋጋው ጥሩ ነበር፣ ሻጩም ሳቂታ። ሰዓቱ አዲስ መስሎ ያበራል። ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ስወስደው ባለሙያው በጣም ተሞርዶ ቅርጹ እንደጠፋ ነገረኝ። ጠርዞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሹል ነበሩ፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ክብ ሆነዋል። የብርሃን ቀለም የተቀባው አንዱ ጠቋሚም ተቀይሯል፤ ጨለማ ውስጥ ሲታይ ከሌላው ጋር ቀለሙ አይገጥምም። ገንዘቤን አላስመለስኩም።

ስለዚህ ያገለገለ ስትገዛ ከማብራቱ ይልቅ የጠርዙን ሹልነት እይ። መብራት አጥፍተህ ጠቋሚዎቹንና ቁጥሮቹን አስተያይ። ሳጥኑና የዋስትና ካርዱ ካሉ፣ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከሰዓቱ ጋር ይግጠም። የአሁኖቹ ሮሌክሶች ላይ ቁጥሩ በመስታወቱ ሥር፣ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ተቀርጿል። ከሁሉ በላይ ከመክፈልህ በፊት በግፊት ይፈተንልህ። ሻጩ እምቢ ካለ ጥለኸው ውጣ።

ሌላ፣ ብዙ ሰው ዱባይ መጥቶ ለመግዛት ያስባል። እዚህ 5 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ ለቱሪስት አብዛኛው ይመለሳል። ግን አንተ አሜሪካ ስትገባ የገዛኸውን ማስመዝገብ አለብህ፤ ከ800 ዶላር በላይ ለሆነው ቀረጥ ልትጠየቅ ትችላለህ። ያንን ደምረህ አስላ።

ኦሪት (ኤይላት)፦
ሳሚ ጥሩ ብለሃል። ቢኒ፣ ማንም ስለ ፔላጎስ 39 አላወራልህም። በ2022 የወጣ ነው። ቱዶርንም ሮሌክስንም ያቋቋመው አንድ ሰው፣ ሃንስ ዊልስዶርፍ ነው። ቱዶር ደግሞ ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ለዓመታት የጠላቂ ሰዓት ያቀርብ ነበር። ፔላጎስ 39 ከታይታኒየም የተሠራ ነው። ይህ ብረት ከተለመደው የሰዓት ብረት ወደ 40 ከመቶ ይቀላል። እጅህ ላይ እንዳለ ትረሳዋለህ። ስፋቱ 39፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር አይሞላም። መቆለፊያው ያለ መሣሪያ ይሰፋል፣ የጎማ ማሰሪያም አብሮት ይመጣል። እሱም 70 ሰዓት ይሠራል። ዋጋው የሰብማሪነሩ ግማሽ ገደማ ነው። ጉድለቱ ታይታኒየም ቶሎ ይጫራል። ብላክ ቤይ 58 ውብ ነው፣ ግን ወርቃማ ጽሕፈቱ የድሮ ዘመን መልክ ነው። እሱን የሚፈልግ ሰው ሌላ ነው።

ረድኤት (አትላንታ)፦
የማንኛውም የጠላቂ ሰዓት ቀለበት ሌላ ጥቅም አለው። እኔ እናቴ ጋ የምደውለው በእሱ ነው። ቢኒም እንደ እኔ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ስለሆነ ይሠራለታል። ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ አዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ትቀድመናለች። የአገራችን አቆጣጠር ደግሞ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል። የሚቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘኗን 11 ላይ አድርጋት። አሁን ሰዓት ጠቋሚው የቆመበትን የቀለበቱን ቁጥር ለአምስት አካፍል። እዚህ ከጠዋቱ 8 ከሆነ ጠቋሚው ከ45 ጋር ይገጥማል፣ አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በኖቬምበር እዚህ ሰዓት ሲቀየር ሦስት ማዕዘኗን ወደ 10 ታወርዳታለህ። እማዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሻት አላውቅም።

ቢኒ (ሜሪላንድ)፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ረድኤት፣ ዘዴሽን ስፒድማስተሬን ይዤ በወረቀት ሞከርኩት፣ ልክ ነው!

ሱቅ ሄጄ ሲማስተሩን አሰርኩ። ፊቱ እጅግ ያምራል፣ ግን እንዳልሽው እጅጌዬ ሥር አልገባ አለ። ሰብማሪነሩ ለማሳያ ብቻ ነበር፣ ሲያስሩልኝ ልቤ ዘለለ። ሄኖክ፣ ስለ መቆለፊያው ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ወረፋው ግን መቼ እንደሚደርስ ሊነግሩኝ አልቻሉም። ከዚያ ፔላጎሱን አሰርኩ። ግማሽ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ተዘዋወርኩ። ሻጩ "ሰዓቱን መልስልኝ" ሲለኝ እጄ ላይ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሱን ገዛሁ። ቅዳሜ ትንሿ ልጄ ገንዳ ውስጥ ቀለበቱን ስታዞር ዋለች፣ አንዴም አልከለከልኳትም።

በተረፈው ገንዘብ ኤይላት ለመምጣት አስቤያለሁ። የአባቴን ሴይኮም ላሳድስ ነው። ጋሽ ታደሰ፣ ለሠሪው ምን ልበለው?

ሄኖክ (ስቶክሆልም)፦
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ወረፋው ላይ ግን ስምህን አስመዝግብ።

ኦሪት (ኤይላት)፦
ና፣ አሳዎቹን አሳይሃለሁ። ከመምጣትህ በፊት ማሰሪያውን በጎማው ቀይርና ከጠለቃ ልብስህ በላይ ሞክረው።

ጋሽ ታደሰ (አዲስ አበባ)፦
ልጄ፣ መጀመሪያ "አትሞርደው" በለው። የአባትህ እጅ የጫረው ጭረት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ፊቱን በአዲስ እንዳይቀይረው። ቢጠቁር፣ ቢደበዝዝም የራሱ ነው። ማሽኑን ፈትቶ ይጠበው፣ ዘይት ይቀባው፣ የውሃ መከላከያውን ጎማ ይቀይር። ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ የድሮ ሴይኮ 5 በእጅ አይሞሉም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚሞሉት። ስለዚህ መሙያውን እያዞርክ አትታገል። ቀስ ብለህ ጥቂት ጊዜ ወዘወዝ አድርገውና እሰረው። የሚያወጣው ዕቃ ካለ፣ አሮጌም ቢሆን በትንሽ ፌስታል አድርጎ እንዲመልስልህ ንገረው።