የሳይት መረጃ ሰብሳቢ ሣጥኖችን ሶፍትዌር ከማደስ በፊት ምን ይቅደም?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦቼ። በሱሉልታና በሰንዳፋ አካባቢ ባሉ የሞባይል ማማዎች ሥር የተተከሉ መረጃ ሰብሳቢ ሣጥኖችን እጠግናለሁ። ሣጥኖቹ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ፣ የክፍሉን ሙቀትና የበሩን መከፈት እያነበቡ በሲም ካርድ ወደ ማዕከል ይልካሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ስመረምር ቴልኔት (መሣሪያን ከርቀት ማዘዣ፣ የሚላከውን የማይመሰጥር የቆየ መንገድ) በፖርት 23 ክፍት ሆኖ፣ የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደወጣ አገኘሁት፤ ያው ቃል በሌሎቹም ሁሉ ይሠራል። አዲስ ፈርምዌር (የሣጥኑ የውስጥ ሶፍትዌር) ወጥቷል። ይሁን እንጂ ከዚህ ቀደም አንዱን ከርቀት ስናድስ መብራት ጠፋ፤ ያረጀው ባትሪም አልሸከም ብሎ ሣጥኑ ሳይነሣ ቀረ። ለአራት ቀናት የነዳጁን መጠን ያወቅነው ጥበቃው እንጨት ጋኑ ውስጥ እየነከረ፣ የረጠበውን በስንዝር ለክቶ በስልክ ሲነግረን ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከማደሱ በፊት የይለፍ ቃሉን ይለውጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በረቀቀ ዘዴ ሳይሆን፣ ወደ 60 የሚጠጉ የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን በቴልኔት እየሞከረ ነበር። በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ ይቀመጥ ስለነበር መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ያጸዳዋል፤ ቃሉ ካልተለወጠ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይያዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሣጥን የየራሱን ቃል ይስጡ፣ ቴልኔትን ዘግተው የሚላከውን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤችን ይጠቀሙ። የመሣሪያዎችን ሁኔታ ከርቀት ለማንበብ ኤስኤንኤምፒ የተባለውን ዘዴ በሥሪት 2ሲ የሚጠቀሙ ከሆነም መግቢያ ቃሉ ሳይመሰጠር እንደሚጓዝ አይዘንጉ፤ ሣጥኑ የሚችል ከሆነ ወደ ሥሪት 3 ይሻገሩ።

ጠያቂ፦
ሲሞቹ በግል ኤፒኤን (ከሕዝብ ኢንተርኔት በተለየ የሞባይል ዳታ መስመር) ላይ ናቸው። ይህ አይበቃም?

መልስ 2፦
አይበቃም። ከአንዱ ሣጥን ሲሙን ነቅሎ ሌላ መሣሪያ ላይ የሚከት ሰው፣ ሲሙ ከዚያው መሣሪያ ጋር ካልተቆራኘ፣ ከውስጥ ሆኖ ሌሎቹን ሁሉ ሊያገኛቸው ይችላል። ሲሞቹ ከማዕከሉ ሰርቨር ውጭ እርስ በርሳቸው እንዳይገናኙ ያስደርጉ።

ስለ ማደሱ ደግሞ፣ የመጀመሪያውን በርቀት አይሞክሩት፤ የኮንሶል ገመድ (ላፕቶፕን በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር ማገናኛ) ይዘው ሳይቱ ላይ ይገኙ። የባትሪው ቮልቴጅ ሬክቲፋየሩ (የመብራቱን ኃይል ቀይሮ ባትሪውን የሚሞላው መሣሪያ) እየሞላው ሳለ ሁልጊዜ ደህና መስሎ ይታያል፤ ሬክቲፋየሩን አጥፍተው ጭነቱን ለጥቂት ጊዜ ባትሪው ብቻውን ሲሸከም ይለኩት። የሣጥኑን ቅንብር ወደ ላፕቶፕዎ ይገልብጡ። የፈርምዌሩን ፋይል የሻ-256 አሻራ (ፋይሉ አለመለወጡን ማረጋገጫ ቁጥር) ሲያመሳክሩም አሻራውን ከፋይሉ ጋር ከአንድ ቦታ አይውሰዱ፤ ፋይሉን የቀየረ አሻራውንም አብሮ ሊቀይር ይችላልና። ዲጂታል ፊርማ ካለው ግን እርሱን ማረጋገጥ ይሻላል።

መልስ 3፦
ከታደሰ በኋላ የሣጥኑን ሰዓት ይመልከቱ። እኔ በምሠራበት ቦታ ማደሱ የሰዓት ቅንብሩን ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ወደሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት መልሶት ኖሮ፣ ነዳጅ በተሰረቀበት ቀን የበሩ መከፈት 19:40 ተብሎ ተመዘገበ። ያንን ሁሉም ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ብሎ አነበበውና ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚወጣው የቀን ጥበቃ ተጠረጠረ። እውነተኛው ሰዓት ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ነበር፤ ሰውየው ያን ጊዜ ቤቱ ነበር። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ከሥራ ታግዶ ቆይቷል፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያነሣችሁት የሰዓት ነገር ስላስጨነቀኝ ዛሬ ጠዋት ቀድሞ ወደታደሰው ሣጥን ሄጄ ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፤ በትክክል 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ባለፈው ወር ከዚሁ ሣጥን ያወጣሁትን የበር መክፈቻ ሪፖርት ለአለቃዬ ልኬዋለሁና፣ ከምንም በፊት ዛሬውኑ እርሱን አርሜ እልካለሁ። የይለፍ ቃሎቹን ነገ ከሱሉልታ እጀምራለሁ።