ለሃርድቶፕ የኋላ ባሌስትራና ሾክ፦ 300 ኪሎ ወይስ 500 ኪሎ?

ጥያቄ (ባለሃርድቶፕ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 78 ሃርድቶፕ ነች፤ ፊቷ ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ)፣ ኋላዋ ባሌስትራ (የተነባበሩ የብረት ቅጠሎች)። ሥራዋ ቱሪስት ማመላለስ ነው፦ ጂንካና ቱርሚ፣ ሳነቴ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ አፋር። 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፖርቶመጋላ፣ ሁለተኛ ስኮርታ እና ፍሪጅ ከነባትሪው ሁልጊዜ ላይዋ ናቸው። ለጉዞ ስትወጣ 5 እንግዳ ከነሻንጣው፣ 4 ጀሪካን ውኃና 2 ጀሪካን ናፍጣ ይጨመርባታል። ሞልታ ስትሄድ ኋላዋ ቁጭ ይላል፤ ጉድጓድ ስትገባ አክሰሉ ከላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ ይመታል።

ሦስት ሐሳብ ቀርቦልኛል። አንደኛው 300 ኪሎ ቋሚ ጭነት የሚችል ባሌስትራ ከባለ ሁለት ቱቦ ፎም ሴል ሾክ (የባሌስትራውን ንጥረት የሚገታው ባለ ዘይት ቱቦ) ጋር ነው። ሁለተኛው 500 ኪሎ የሚችል፣ ከባለ አንድ ቱቦ የጋዝ ሾክ ጋር። ሁለቱም 50 ሚሊ ሜትር ያነሳሉ። ሦስተኛው የፋብሪካውን ባሌስትራ አስደብድቦ አንድ ቅጠል መጨመር ነው፤ በዋጋ ከሁሉም ይረክሳል። የቱን ትመክራላችሁ?

መልስ 1 (ቅጠል ቆጣሪ)

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ሚዛን ላይ አውጣት፤ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ ለጉዞ እንደተጫነች። ከተቻለ የኋላ ጎማዎቿን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁመህ ለየብቻ አስመዝን።

ኪቱ (የባሌስትራና የሾኩ ጥቅል) ላይ የተጻፈው 300 ወይም 500 «ቋሚ ጭነት» ነው፤ ማለትም ሰው ቢሳፈርም ባይሳፈርም መኪናዋ ላይ የሚያድረው። ያንተው ፖርቶመጋላ 50፣ ስኮርታ 35 ገደማ፣ ፍሪጅና ባትሪ 45 ቢሆኑ 130 ኪሎ ነው። የጉዞው ደግሞ እንግዳ በነፍስ ወከፍ 75 ሲታሰብ 375፣ ሻንጣ 75፣ ውኃ ከነጀሪካኑ 84፣ ናፍጣ 42 (20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ነው፤ የብረት ጀሪካኑ 4)። ይህ 576 ነው። ድንኳንና ምግብ ሲገባ 600ን ያልፋል፤ ግን ጉዞው ሲያልቅ ይወርዳል።

ስለዚህ 500ው ላንተ አይሆንም። እንግዶቹን አውርደህ ባዶዋን ስትመለስ ባሌስትራው አይሠራም፤ ምቱን የሚቀበለው ሻንሲውና የሾኩ መያዣ ነው። የመያዣው ብየዳ የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። 300ውን ውሰድ፤ ስትገዛ ግን ከሥር ያሉትን ወፍራም ቅጠሎች አይተህ ግዛ። ባዶ ሆኖ ጫፋቸው ላይ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ባዶዋን ስትሄድ የላይኞቹ ብቻ ይሠራሉ፤ ስትሞላ ክፍተቱ ይዘጋና የታችኞቹ ያግዛሉ። እንዳንተ አንድ ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ሙሉ ለምትሆን መኪና የተሠራ ይህ ነው።

ማስደብደቡን እርሳው። ቅጠሉ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በልክ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው። ፍም ላይ ሲግል ያ ሁሉ ይጠፋና ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይተኛል። ሳይግል ቢደበደብም የመዶሻው ጠባሳ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ከሌላ መኪና የመጣ ቅጠል ደግሞ ኩርባው ካልገጠመ ጭነቱ በአንዱ ቅጠል ላይ ብቻ ያርፋል።

እንዳትሳሳት፣ ባሌስትራ ስለተቀየረ ሊብሬው ላይ ያለው የጭነት ልክ አይጨምርም። አክሰሉም፣ ኩሽኔታውም፣ ፍሬኑም የድሮዎቹ ናቸው።

መልስ 2 (ኮረኮንች)

በባሌስትራው እስማማለሁ። ሾኩን በተመለከተ ግን ሰው የሚያየው ቀለሙንና ውፍረቱን ነው፤ መታየት ያለበት ሙቀት ነው። እንደ ቆርቆሮ በተጨማደደ ኮረኮንች ላይ ሾኩ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ይገባል፤ ያ እንቅስቃሴ በሙሉ ዘይቱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ሲደባለቅ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ እንቅስቃሴውን አይገታም። በፎም ሴል ውስጥ የጋዙን ቦታ ስፖንጅ መሰል ነገር ስለሚይዘው ዘይቱ ቶሎ አያረፍም።

ባለ አንድ ቱቦው ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፤ ዘይቱን ከውጭው አየር የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነውና። ጉዳቱም ከዚያው ነው፦ ፒስተኑ የሚንሸራተተው በዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ጎማ የፈናጠረው ድንጋይ ካጎደጎደው እዚያው ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው ውጭው ቢጎደጉድም ይሠራል። ለአፋር ጥቁር ድንጋይ ባለ ሁለት ቱቦውን እመርጣለሁ።

ከመግጠምህ በፊት ባለ ሁለት ቱቦውን ቀጥ አድርገህ አቁመህ አምስት ስድስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳብና ግፋ። ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ስለከረመ የውስጠኛው ቱቦ አየር ይዟል። ከዚህ በኋላም መሐል ላይ ባዶ የሚሄድ ቦታ ካለው ወደ ሻጩ መልሰው።

መንገድ ላይ ለመፈተሽ፦ ግማሽ ሰዓት ኮረኮንች ከሄድክ በኋላ ቆመህ አራቱም ላይ ውኃ ጠብ አድርግ፤ በእጅ አትንካ፣ ያቃጥላል። ከጓደኞቹ ተለይቶ የቀዘቀዘው ሞቷል። የጎማ ንፋስ በልኩ መቀነስም የሾኩን ሥራ ያቀልለታል።

ባለሃርድቶፕ

እግዜር ይስጥልኝ፣ 300ው ይሁን። የፊቱም ሞላ ከኪቱ ጋር ይቀየራል። ከፍ ካሉ በኋላ መሪያቸው የሚንቀጠቀጥ መኪኖች አሉ፤ ከምንድን ነው?

መልስ 3 (ዳዶና ብሎን)

ሁለት ምክንያት አለው። 50 ሚሊ ሜትር ስትነሳ የፊት አክሰሉን የያዙት ክንዶች ያዘነብላሉና ካስተሩ (የፊት እግሩ ወደ ኋላ ያጋደለበት ልክ) በ2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መሪው ይቀልልና ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም። መድኃኒቱ የክንዶቹን ቦኮላ (መጋጠሚያው ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት) ቀዳዳው ከመሐል በወጣ ማስተካከያ ቦኮላ መተካት ነው። አብረህ ግዛው፤ ኪቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ፓንሃርድ ሮዱም (አክሰሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘው ዘንግ) አክሰሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይገፋዋል፤ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው ቀድሞም የነበረ ልቅነት ነው፦ የፊት እግር ኩሽኔታ፣ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያ)፣ የፓንሃርድ ቦኮላ። ብዙ ጋራዥ ጠንካራ የመሪ ሾክ ገጥሞ ይሸኛል። መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይደበቃል እንጂ ልቅነቱ እየባሰ ነው።

አገጣጠም ላይ፦

ሥራው ሳይጀመር በአራቱም ጎማ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካና ጻፍ። ከመሬት አትለካ፤ የጎማ ንፋስ ያሳስትሃል።

ዩ ቦልቶቹ (ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት) አዲስ ይሁኑ። አንዴ የተጠበቀ ተለጥጧል፤ ሲደገም ይላላል። ዩ ቦልት ሲላላ ባሌስትራው ይንሸራተታል፣ የመሐል ብሎኑ ይቆረጣል፣ ዋናው ቅጠልም በዚያው በመሐሉ ቀዳዳ በኩል ይሰበራል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰህ አስጠብቅ።

የጎማ ቦኮላ ያለባቸውን ብሎኖች መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች አታጥብቅ። በእግሯ ስትቆም ቦኮላው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። አውርደህ፣ ወዲያ ወዲህ ነድተህ፣ ከዚያ አጥብቅ።

የፍሬን ጎማ ቱቦ አክሰሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል መወጠር የለበትም። ከተወጠረ ረዥም ይገጠም።

በጣም የሚረሳው ደግሞ ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘው፣ የፍሬኑን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚያከፋፍለው ቫልቭ ነው። ያንተዋ ካላት፣ ኋላዋ ከፍ ሲል ቫልቩ «ባዶ ነች» ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ተጭና ቁልቁለት ስትወርድ ሥራው ሁሉ የፊቱ ይሆናል። የዘንጉ መያዣ ባነሳኸው ልክ ይስተካከል፣ ከዚያ ከነጭነቷ ፍሬን ይሞከር።