ኒዮርድን ይዤ ባሕሩን መቆጣጠር አቃተኝ

ሰላም ወገኖች። ኤጅ ኦፍ ማይቶሎጂ በሚባለው የስትራቴጂ ጌም ላይ ከኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያ) ወገን ዋና አማልክት አንዱ በሆነው በኦዲን እየተጫወትኩ ነው፤ ካርታው ደሴት የበዛበት ነው። ሦስተኛው ዘመን ላይ ከሚቀርቡት ሁለት ንዑስ አማልክት ስካዲን ትቼ ኒዮርድን መረጥኩ፣ የባሕር አምላክ ነውና። ኃይሉ ግን ዛፍ እያስነሳ ማዋጋት ነው! በጠላት ወደብ ዳር ያለውን ደን አስነሳሁበት። ዛፎቹ ግንቡን ሲደበድቡ ማየት በጣም ደስ ይላል። ባሕሩ ላይ ግን መርከቦቼ እየሰመጡ አለቁ፤ ጦር የማሻግርበትም አጣሁ። ወደብ ብጨምርም ወርቁ አልበቃ አለኝ። የኖርስ ወገን ለማሻሻያ የሚከፈለውን የአማልክቱን ሞገስ የሚያገኘው በዋናነት በመዋጋት ስለሆነ እሱም ቶሎ አይሞላልኝም። አሁን ያለኝ ለአንድ ማሻሻያ ብቻ ይበቃል። ከኒዮርድ ማሻሻያዎች ረጃጅም መርከቦቹን የሚያጠነክረውን ላስቀድም ወይስ ክራከን የተባለውን የባሕር ጭራቅ የሚያበረታውን?